አዲስ ገቢ ሳይፈራ የሚጽፍበት የመሥሪያ ቤት ዊኪ፦ የእኔ ለምን ሞተ?

ቡና ቢሮ (ክሩን የከፈተ) · ሰኞ ማታ 2:10

ሰላም ለቤቱ። ጉዳዬ ረዘም ስለሚል ሁለተኛውን ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

የምሠራው ጅማ ውስጥ ቡና ገዝቶ፣ አጥቦና አዘጋጅቶ በሚልክ ድርጅት ነው። ቢሮው እዚያው ጅማ መርካቶ አካባቢ ነው፤ ማጠቢያ ጣቢያዎቹ ግን ማና፣ ጎማና ሊሙ ኮሳ ተበትነዋል። የሥራ መደቤ "የኮምፒውተር ባለሙያ" ይላል። በተግባር ግን ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚጠራው፣ ዋይፋይ ሲጠፋ የሚሰደበው እኔ ነኝ።

በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ ለወቅቱ አዳዲስ ሰዎች እንቀጥራለን፦ መዛኝ፣ ገንዘብ ከፋይ፣ የቡና ማድረቂያ አልጋ ተቆጣጣሪ፣ መጋዘን ያዥ። ሥራው እጃቸው ላይ ሲገባ ታኅሣሥ ይሆንና ወቅቱ ያልቃል። የተማሩትን ይዘውት ይሄዳሉ። በዓመቱ ሌላ ሰው ይመጣል፤ ጥያቄው ያው፣ ስህተቱም ያው። ጠቅላላ እውቀታችን ያለው ሦስት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥና አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ቴሌግራሙ ደግሞ የ"እንኳን አደረሳችሁ" ሥዕል መጋዘን ሆኗል። አምና አንዱ "የእርጥበት መለኪያው ዜሮ አልል አለኝ" ብሎ ጠይቆ ጥሩ መልስ ተሰጥቶት ነበር፤ ያንን መልስ ለማግኘት የስምንት ወር መልካም ምኞት አልፎ መውረድ ይጠይቃል።

ስለዚህ አምና ዊኪ (ሁሉም ገብቶ የሚጽፍበትና የሚያርመው ድረ ገጽ) ተከልኩ፣ ዶኩዊኪ የሚባለውን። የመረጥኩት ዳታቤዝ ስለማይፈልግ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል፣ መብራት በድንገት ሲሄድ የሚበላሽ ዳታቤዝ የለም፣ ባክአፕ ማለትም ፎልደሩን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ነው። ጣቢያ ያሉት ኔትወርክ ሲኖር በስልካቸው ይገባሉ።

40 ያህል ገጽ ራሴ ጻፍኩ። ለሁሉም የመግቢያ ስም ሰጠሁ። ስብሰባ ተጠርቶ በፕሮጀክተር አሳየሁ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላ በአንድ ሙሉ ወቅት ከእኔ ሌላ የጻፈው ሰው ብዛት 2 ነው። አንደኛው ሥራ አስኪያጃችን ናቸው፣ "በርቱ" ብለው ጻፉ። ሁለተኛው አንድ ገጽ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ የወጣ ነው።

ዘንድሮ ደግሜ ልሞክር ነው። ትናንት ከተቀጠረ ሰው እጅ አንድ መስመር እንዴት ይወጣል?


ሰርቨር ጠባቂ · ሰኞ ማታ 2:31

ዶኩዊኪውን ጣለው፣ ቡክስታክ የሚባለውን ሌላ ዊኪ አስገባ። ዶኩዊኪ ላይ ርዕስ ለመጻፍ የእኩል ምልክት መደርደር፣ ፊደል ለማድመቅ ኮከብ ማስቀመጥ አለብህ። መዛኝ ኮከብ አይደረድርም። ቡክስታክ መደርደሪያ፣ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ፣ ገጽ ብሎ ነው የሚከፍልህ፤ መጻፊያው እንደ ወርድ ነው። ማይኤስኪውኤል የሚባል ዳታቤዝ ይፈልጋል፣ እሷን መቻል ነው።

ካልሆነ ዶኩዊኪ ላይ ራሱ ፕሮዝሚረር የሚባል ተጨማሪ አለ፤ እሱን ስትጭን ምልክቶቹ ይደበቃሉ።


የመዝገብ ቤቷ · ሰኞ ማታ 3:05

ልጄ፣ ሰርቨር ጠባቂ ያለህን ለጊዜው ተወው። (ይቅርታ ሰርቨር ጠባቂ፣ አክብሬህ ነው።)

እኔ መዝገብ ቤት ከተቀመጥኩ 22 ዓመቴ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ጽሑፍ ማለት ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ነገር ነው። ረቂቅ እንኳ ኃላፊው ዘንድ ገብቶ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ተደልዞ ነው የሚመለሰው። ሰዉ ዊኪህ ላይ የሚቀመጠው ያን ቀይ እስክሪብቶ በልቡ ይዞ ነው። ኮከቡን ብትደብቅለትም እስክሪብቶው አይደበቅም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። 40ውን ገጽ አሳምረህ ነው አይደል የጻፍከው? ነጥቡ፣ ሰረዙ፣ ሁሉ በቦታው? በደንብ የተነጠፈ አልጋ ላይ እንግዳ አይቀመጥም፤ ጥግ ይዞ ነው የሚቆመው።


ቡና ቢሮ · ሰኞ ማታ 3:12

እትዬ፣ አልጋዋ ገደለችኝ። አዎ፣ አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ማውጫ ሁሉ አለው።


ጀማሪዋ · ማክሰኞ ጠዋት 1:40

እኔ ያ "አዲስ ገቢ" የምትሉት ሰው ነኝ። እናንተ ጋ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው የምሠራው፣ ግን እኛም ጋ ዶኩዊኪ ነው ያለው።

በገባሁ በሳምንቴ አለቃዬ "የምታውቂውን ጻፊበት" አለኝ። ምን አውቃለሁ? በዚያ ሳምንት በእርግጠኝነት የማውቀው የሽንት ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ብቻ ነበር። (እሱም የትም አልተጻፈም ነበር፣ ሦስት ሰው ጠይቄ ነው ያገኘሁት።) ከኔ በፊት አሥር ዓመት የሠሩ ሰዎች እያሉ እኔ ምን ብዬ እጽፋለሁ? እንደ ድፍረት ነው የሚቆጠርብኝ።

አንድ ቀን ግን የተሳሳተ ፊደል አየሁና የማረሚያዋን የእርሳስ ምልክት ነካሁ። "ይህ ገጽ ተቆልፏል" የሚል ነገር መጣ፣ ከሥሩ የሆነ ሰው ስም አለ። ያበላሸሁ መሰለኝ። ስልኬን አጠፋሁት፣ እውነቴን ነው! ለሁለት ቀን ተጠርቼ እስክጠየቅ ጠበቅሁ። ማንም አልጠራኝም፣ እኔም ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

"የምታውቂውን ጻፊ" ከሚለኝ ይልቅ "የቱ ጋ ጠፋብሽ?" ቢለኝ ኖሮ ሙሉ ደብተር እሞላለት ነበር። አሁን ስድስት ወሬ ነው። የጠፋብኝን ቦታ ሁሉ ረስቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ብትጠይቁኝ "ቀላል ነው እኮ" ነው የምለው።


ሰርቨር ጠባቂ · ማክሰኞ ጠዋት 2:02

ጀማሪዋ፣ ምንም አላበላሸሽም። ዶኩዊኪ አንድ ሰው ገጽ ከፍቶ እያረመ ሳለ ሁለተኛው እንዳይገባ ይይዝለታል። ካልተነካ በ15 ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይለቀቃል። ስሙን ያየሽው ሰው ገጹን ከፍቶ ምሳ ሄዶ ይሆናል።

ቡና ቢሮ፣ እነዚህን መልእክቶች መቀየር ይቻላል። የቋንቋ ፋይሉ ውስጥ ግባና "ገጹን አሁን እገሌ ይዞታል፤ ሩብ ሰዓት ቆይተው ይሞክሩ፤ የተበላሸ ነገር የለም" ብለህ በሰው አማርኛ ጻፈው።


ቡና ቢሮ · ማክሰኞ ማታ 1:50

የጀማሪዋን ካነበብኩ በኋላ ሥራ አልሠራ አለኝ። ዛሬ ከሰዓት አዲስ ከተቀጠሩት መዛኞች አንዷን አጠገቤ አስቀመጥኳትና "ይቺን ገጽ አርሚልኝ" አልኳት። ዝም ብዬ ለማየት ለራሴ ቃል ገባሁ፤ አፌን መያዝ እንዴት እንደሚከብድ!

ገጹ ስለ እርጥበት መለኪያው ነው። በስልኳ ከፈተችው። ሁለት ጊዜ ወደ ታች፣ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ሄደች። እርሳሷን አላየቻትም፤ ስልክ ላይ ሜኑ ውስጥ ተደብቃለች፣ እኔ ሁልጊዜ በላፕቶፕ ስለምሠራ አላውቅም ነበር። ጠቆምኳት (ቃሌን በላሁ)። ነካችው። ርዕሱ በግራም በቀኝም በስድስት ስድስት የእኩል ምልክት ታጥሮ መጣ። ጣቷን አየር ላይ አቆመችና ቀና ብላ አየችኝ። "ይሄ ሒሳብ ነው እንዴ?" አለችኝ።

ከዚያ ስልኩን ዘግታ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። በእጇ የጻፈችው ይኸው፦ "ናሙና ከአልጋ ላይ ትኩስ እንደሆነ መለኪያው ውስጥ አይጨመርም። ጥላ ውስጥ አቀዝቅዘው። በትኩሱ ከለካህ ቁጥሩ ይዋሻል። ሦስት ጊዜ ለካና አማካዩን ያዝ።"

የእኔ ገጽ ላይ ከ11 እስከ 12 በመቶ መሆን አለበት ይላል፣ የማሽኑን ሞዴል ይላል፣ የባትሪውን ዓይነት ይላል። ስለ ማቀዝቀዝ አንድ ቃል የለውም። ስለማላውቅ ነው ያልጻፍኩት። ልጅቷ ያወቀችው በአራተኛ ቀኗ የለካችው ቡና ወደ ቢሮ ሲመጣ ሌላ ቁጥር አሳይቶ ስለተቆጧት ነው።

ሥራው ላይ ከዋለች ሰባት ቀኗ ነው።


አዌቱ ዳር · ማክሰኞ ማታ 2:20

ሁላችሁም ስለ መጻፍ ነው የምታወሩት። እኔ ስለ መፈለግ ላውራ። ሰው ፈልጎ ያጣው ዊኪ ላይ አይጽፍም፤ ወይ ደግሞ የሌለ መስሎት ያለውን ገጽ እንደገና ይጽፈዋል።

የእኛ ቢሮ ላይ የደረሰ፦ አንዱ "የሰራተኛ ፈቃድ" ብሎ ፈለገ፣ ምንም የለም። ገጹ ነበር፣ ግን "ሠራተኛ" ተብሎ በንጉሡ ሠ ነው የተጻፈው። ሂሳብና ሒሳብ፣ እቃና ዕቃ፣ አመትና ዓመት፣ ጸሀፊና ፀሐፊ፣ ሁሉም እንደዚያው። ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ) በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝን ፊደል ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ቁጥር ስለሰጠው ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት ነው የሚያያቸው። አዲስ ገቢ ደግሞ ቤቱ በየትኛው ሰ እንደሚጽፍ በምን ያውቃል?

"በትክክለኛው ፊደል ጻፉ" የሚል ማሳሰቢያ እንዳትለጥፍ። የትክክለኛውን ፊደል ክርክር ሊቃውንቱም አልጨረሱትም፣ መጋዘን ያዡ ላይ አትጫነው። እኛ ያደረግነው፦ ፍለጋው ማውጫውን ሲሠራ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰቦቻቸው ይቀይራል። የሚፈለገውንም ቃል እንዲሁ። ገጹ ላይ የተጻፈው አይነካም፣ ሰው በፈለገው ፊደል ይጽፋል። ሀ እና ሃን፣ አ እና ኣንም አንድ አድርጓቸው።

ሁለተኛ ነገር፦ የአማርኛ ቃል ብቻውን አይሄድም። "የሒሳብ"፣ "ለሒሳብ"፣ "በሒሳቡ"። ዶኩዊኪ ላይ ከቃሉ ፊትና ኋላ ኮከብ ስታደርግለት መሐሉን ያገኘዋል፤ ተጠቃሚው ሳያውቅ ከውስጥ ጨምርለት።

ሦስተኛ፣ ይሄን በደም ነው የተማርኩት። ዶኩዊኪ ሲጫን እንደነበረ ከተውከው የገጹን ስም በመቶኛ ምልክት ቀይሮ ነው ፋይል የሚያደርገው። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ በዚያ አጻጻፍ 9 ቁምፊ ይሆናል። የፋይል ስም ከ255 ባይት አያልፍም። ስለዚህ ስሙ 27 ፊደል አካባቢ ሲደርስ ገጹ አልቀመጥ ይላል። ያቺ ምስኪን ግማሽ ሰዓት ጽፋ "አስቀምጥ" ስትል ስህተት! ማስተካከያ ገጹ ላይ የፋይል ስም አጻጻፉን ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይረው፤ ገና ገጽ ሳይበዛ ቢሆን ይሻላል፣ አለበለዚያ የድሮዎቹን ፋይሎች ስም ማስተካከል አለብህ።


ቡና ቢሮ · ማክሰኞ ማታ 2:28

አዌቱ ዳር!! ባለፈው ዓመት "የታጠበ ቡና ማድረቂያ አልጋ አጠባበቅና አሸፋፈን ደንብ" የሚል ገጽ አልቀመጥ ብሎኝ ላፕቶፑ ነው ብዬ ሃርድ ዲስክ ቀይሬያለሁ። የራሴን 3 ሺህ ብር።


አዌቱ ዳር · ማክሰኞ ማታ 2:29

እግዜር ይተካልህ። ርዕስህም ደብዳቤ ነው የሚመስለው ደግሞ። "አልጋ መቼ ይሸፈናል?" በለው። ሰው የሚፈልገው በጥያቄው ነው።


ኦዲተሩ · ረቡዕ ጠዋት 3:15

ወንድሞች፣ እህቶች፣ ትንሽ እናስብበት። ማንም እየገባ ይጻፍ ማለት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የእሸት ቡና የቀን ዋጋ፣ የከፋዮች የገንዘብ ገደብ፣ የሚዛን ማስተካከያ፣ እነዚህን ትናንት የመጣ ልጅ ቢቀይራቸው ማን ይጠየቃል? እኔ ባየሁት አንድ ቦታ አንድ ዜሮ ተጨምሮ ለግማሽ ቀን ሥራ ቆሟል። የሚጻፈው ሁሉ መጀመሪያ በኃላፊ ይጽደቅ፣ ከዚያ ይውጣ። ይህ መፍራት አይደለም፣ ሥርዓት ነው።


ጅሬን · ረቡዕ ጠዋት 4:00

ኦዲተሩ፣ የማጽደቁ ነገር ተሞክሯል፣ ያውም በትልቁ። ዊኪፔዲያ ከመምጣቱ በፊት እነዚያው ሰዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ኑፔዲያ የሚባል ኢንሳይክሎፒዲያ ጀምረው ነበር። አንድ ጽሑፍ እስኪወጣ 7 ደረጃ ያልፋል፣ የሚያልፈውም በምሁራን ነው። በመጀመሪያው ዓመት የጸደቀው 21 ጽሑፍ ነው። በጥር 2001 ዊኪፔዲያ ሲከፈት መጀመሪያ የታሰበው ለኑፔዲያ ረቂቅ መመገቢያ እንዲሆን ነበር። ዓመት ሳይሞላው ከ15 ሺህ ገጽ አለፈ፣ ኑፔዲያ በ2003 ተዘጋ።

ዊኪ የሚለው ስም ራሱ ከዚሁ ነው። ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል ፕሮግራመር በ1995 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሲሠራ ስሙን ያገኘው ከሆኖሉሉ አየር ማረፊያ አውቶቡስ ነው፤ "ዊኪ ዊኪ" በሃዋይኛ ቶሎ ቶሎ ማለት ነው። ኃላፊው እስኪያጸድቅ አምስት ቀን ከፈጀ ዊኪ ሳይሆን የመጻጻፊያ ፋይል ነው።


የመዝገብ ቤቷ · ረቡዕ ጠዋት 4:20

ጅሬን እውነት አለህ፣ ኦዲተሩም እውነት አለው። እኔ ቤት ሁለት ዓይነት ወረቀት አለ፦ የሚፈረምበትና የሚጫርበት። ሁለቱን አንድ ፎልደር ውስጥ የከተተ ነው የሚሳሳተው። ዋጋውንና የገንዘብ ገደቡን ቆልፈህ ከላይ "ይህን የሚቀይረው ፋይናንስ ብቻ ነው" ብለህ ጻፍ። ሌላውን ልቀቀው። የተቆለፈው ከአሥር ገጽ ከበለጠ ግን ራስህን መርምር።


ሰርቨር ጠባቂ · ረቡዕ ጠዋት 4:31

ይቻላል። ዶኩዊኪ ፈቃዱን በክፍል በክፍል ይሰጣል፦ ማንበብ፣ ማረም፣ አዲስ ገጽ መክፈት፣ ፋይል መጫን፣ ማጥፋት ደረጃ በደረጃ ናቸው። ለአዲሶቹ ማረምና መክፈት ስጣቸው፣ ማጥፋት አትስጥ። የጫኑትን ፋይል የማጥፋት ነው እሱ፤ ገጽ ግን ባዶ ተደርጎ ሲቀመጥ ይጠፋል፣ እሱን በዚህ አትከለክለውም። ቢሆንም አሮጌው ቅጂ ስላለ በሁለት ጠቅታ ይመለሳል። አምና የጠፋብህ ገጽም እዚያው አለ፣ አላየኸውም እንጂ።


ቀይ እሸት · ረቡዕ ማታ 1:10

አቦ እናንተ ቢሮ ተቀምጣችሁ ነው የምታወሩት 😄 እኔ ጣቢያ ነኝ ጎማ። ወቅት ላይ መፈልፈያው ከተነሳ እስከ ሌሊት 6 ሰዓት ነው የምንቆመው። እጄ በቡና አተላ ተለውሶ ስልክ ላይ ፊደል ልልቀም? ድምፅ ነው የምልከው።

ደግሞ እኛ ጋ ካሉት ግማሹ ሐሳቡ የሚመጣለት በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛ ይናገራል፣ ይቀልዳል፣ መጻፍ ሲሆን ግን ይከብደዋል። ገጹ "በአማርኛ ብቻ" ካለ የሱ እውቀት እዚያው ቀረ። አንድ ገጽ ላይ ሁለቱም ቋንቋ ቢኖር ምን ይሆናል? ገበያ ላይ እኮ እንደዚያው ነው የምናወራው።


ጀማሪዋ · ረቡዕ ማታ 1:25

ቀይ እሸት ልክ ነው። ድምፁን የሚገለብጥ ሰው ይመደብ፣ ግን ስሙ የተናገረው ሰው ይሁን፣ የገለበጠው አይሁን። እኔ ጋ ያልኩትን አለቃዬ በራሱ ስም ጽፎት አየሁ። ምንም አላልኩም፣ ግን ሁለተኛ አልነገርኩትም።


ቡና ቢሮ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት 9:30

ዝም ያልኩት እየሠራሁ ስለነበር ነው። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ቡክስታክን አላስገባሁም፤ ሰርቨር ጠባቂ አትቀየመኝ፣ ላፕቶፑ አቅም የለውም። ፕሮዝሚረሩን ጫንኩ፣ የእኩል ምልክቱ ከዓይን ጠፋ። እርሳሷን ከሜኑ አውጥቼ በየገጹ ግርጌ "አስተካክለው" የሚል ሰፊ አረንጓዴ ቁልፍ አደረግሁት። የፊደሉን ነገር አዌቱ ዳር ባለው መንገድ አበጀሁ፣ የፋይል ስሙንም ቀየርኩ። የ40 ገጽ ስም በእጅ ማስተካከል አንድ ሌሊት ፈጀ።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው ከጀማሪዋ ነው። በየገጹ መጨረሻ "ያልገባኝ" የሚል ባዶ ሣጥን አስቀመጥኩ። መግቢያ ስም አይጠይቅም። አንድ መስመር ትጽፋለህ፣ ገጹ ሥር ይታያል፣ ለእኔም ቴሌግራም ላይ ይደርሰኛል። አዲሶቹን ስቀበላቸው "የምታውቁትን ጻፉ" አላልኩም። "እስከ ወሩ መጨረሻ ግራ የገባችሁን ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ትለምዱታላችሁና አይጠቅመንም" አልኳቸው። ሳቁ። በማግስቱ 5 መጣ። አንዱ "ቀሽር ማለት ምን ማለት ነው" ይላል። ቃሉን 11 ገጽ ላይ ተጠቅሜበታለሁ፣ አንድም ቦታ አልፈታሁትም። የደረቀው ቡና ሲፈለፈል የሚወጣው ገለባ ነው፤ እኛ ቤት ሕፃን ሳለሁ ተፈልቶ ስለጠጣሁት የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ጠያቂው መልሱን ሥራው ላይ ካገኘው ራሱ ነው ወደ ገጹ የሚያስገባው። እንዲህ ሆኖ ነው የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች ያረሙት። "ጻፉ" አልተባሉም፣ የራሳቸውን ጥያቄ ዘጉ።

አዲስ ገጽ ሲከፈት ባዶ አይመጣም። አራት ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው፦ ይህ ሥራ መቼ ይሠራል? ምን ይያዛል? ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምኑ ላይ ነው? ሲበላሽ ማን ይጠራል? ሦስተኛው ላይ ሰው ይፈታል። ሁለት ቃል ብቻ ሞልቶ የሄደ አለ፣ ተውኩት፤ ያልተነጠፈ አልጋ ይኑር ብዬ።

እትዬ ያሉትን ቀይ እስክሪብቶ ለማስጣል ሥራ አስኪያጁን ለመንኳቸው። "አልጋ መቼ ይሸፈናል?" የሚለው ላይ በራሳቸው ስም "ከረፋዱ 5 እስከ ከሰዓት 9 ሁልጊዜ ይሸፈን" ብለው ጻፉ። ሙሉው እንዳልሆነ ያውቃሉ። ሁለት ቀን ማንም አልነካውም። በሦስተኛው ቀን ከሊሙ ኮሳ አንድ የአልጋ ተቆጣጣሪ "ደመና ከሆነ አይሸፈንም፣ ሻጋታ ያመጣል" ብሎ ጨመረ። እሳቸው ከሥሩ "ትክክል ነህ፣ አመሰግናለሁ" አሉ። ያንን ስክሪን ሾት አንስቼ ቴሌግራሙ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የሆነ ነገር ተለቀቀ።

የቋንቋውን ነገር እንደ ቀይ እሸት አደረግሁ። ርዕሱ በሁለቱም ቋንቋ ይጻፋል፣ ውስጡ እንደመጣ ነው። እስካሁን የተቸገረ የለም፤ የሚቸገር ቢኖርም ያው ከጎኑ ያለውን ይጠይቃል። ድምፅ የምትገለብጠው ያቺ ደብተር ያላት መዛኝ ናት፣ ለዚህ በቀን አንድ ሰዓት ከሥራዋ ተነስቶላታል፣ ስሙም የተናጋሪው ነው።

ያልሠራም አለ። በወሩ ብዙ ለጻፈ የስልክ ካርድ ሽልማት አስቤ ነበር፣ በሁለት ቀን ውስጥ አንዱ 30 ጊዜ "እሺ" ብሎ ጻፈ። አቆምኩት። ሌላው ቀኑ ነው። ዊኪው "2025" ብሎ በፈረንጅ ነው የሚያሳየው፤ አንድ መጋዘን ያዥ "ይሄ ገጽ ገና ያልደረስንበት ዓመት ነው፣ አላመንኩትም" ብሎ ትቶታል። ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይር ነገር እየጻፍኩ ነው፣ ጳጉሜ ላይ እየተጋጨብኝ ነው።


ቀይ እሸት · እሑድ ከሰዓት 9:52

አቦ ትልቅ ሰው ነህ! የሊሙ ኮሳው ልጅ የእኛ ሰፈር ልጅ ነው፣ ያንን ስክሪን ሾት እናቱ ራሷ አላት።


ኦዲተሩ · እሑድ ማታ 12:40

ደስ ብሎኛል። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የተቆለፉት ገጾች ላይ "ያልገባኝ" የሚለው ሣጥን አለ ወይስ የለም? የእኛን የገንዘብ ገደብ መመሪያ ሦስት ከፋዮች በሦስት መንገድ እንደተረዱት ባለፈው ሳምንት ነው ያወቅሁት። ገጹ ይቆለፍ፣ ጥያቄው ግን ባይቆለፍ ይሻላል።


ቡና ቢሮ · እሑድ ማታ 1:05

አልነበረም። አሁን አስገባሁት፣ አመሰግናለሁ።


ሰርቨር ጠባቂ · እሑድ ማታ 1:15

ሁሉም ጥሩ። ባክአፑስ? ያ ላፕቶፕ አንድ ቀን ቡና ቢፈስበት?


ቡና ቢሮ · እሑድ ማታ 1:31

በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ ብዬ ልመልስልህ ስል "ያልገባኝ" አንድ መስመር አመጣልኝ፣ ከቢሮ፣ ስም የለውም፦ "ባክአፕ ፍላሹ የት ነው የሚቀመጠው? እርስዎ ባይኖሩስ?"

ኪሴ ውስጥ ነው። ገጹን እየከፈትኩ ነው።